በስደት የተፈተነ ዘውድ፤ ከማይጨው እስከ ፍኖተ ሰላም

ጥር 12 ቀን ጌታችን በገሊላ ቃና በሰርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበት ተአምር የሚታሰብበት በዓል ነው። የቅዱስ ሚካኤል ታቦትም ከጥምቀተ ባሕር ተነሥቶ በካህናት ሽብሸባና በምእመናን እልልታ ታጅቦ ወደ መንበሩ የሚመለሰው በዚሁ ዕለት ነው። በአገራችን ታሪክ ደግሞ ዕለቱ ሌላ መመለስ ይታሰብበታል። በ1933 ዓ.ም. በዚህ ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደት ዘመናቸውን ፈጽመው፣ በሱዳን ጠረፍ በምትገኘው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው ወደ አገራቸው ገቡ።

ስለ ንጉሠ ነገሥቱ በውዳሴም በነቀፋም ብዙ ተጽፏል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዙፋናቸው ግርማ ላይ ሳይሆን፣ ያ ግርማ ከላያቸው በተገፈፈባቸው ዓመታት ላይ ነው። በሕይወቱ መካከል ሥራውንና ማዕረጉን ድንገት የሚያጣ ሰው በየዘመኑ አለ። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን በየቤቱ የገባውን ኀዘን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ ሰው ከእንጀራው ይልቅ የሚከብደው፣ ትናንት በምን ስም ይጠራ እንደ ነበረና ከዛሬ ጀምሮ ማን እንደሚባል መልስ ማጣቱ ነው። ይህ ጥያቄ የንጉሥንም ደጅ አንኳኩቷል።

ልጅ ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸውን በሕፃንነት፣ አባታቸውን ልዑል ራስ መኮንንን ደግሞ ገና በልጅነት ዕድሜ በ1898 ዓ.ም. ዐጡ። በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ፣ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ማይጨው ጦርነት ያለው ጊዜ ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ውጊያ በኢጣልያ ጦር አሸናፊነት ተፈጸመ። ሠራዊቱ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ቦምብ እየተመታ ሲበተን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሽሽቱ መንገድ ወጣ ብለው ወደ ላሊበላ በመሄድ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጸሎት አደረሱ። አዲስ አበባ ሲደርሱ የጠበቃቸው ከባድ ምክር ነበር። ከመኳንንቱ የሚበዙት ወጥተው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር እንዲያመለክቱ ሲፈቅዱ፣ እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉት ግን ንጉሥ አገሩን ጥሎ መሄዱን አጥብቀው ተቃወሙ። ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ የጠላት ጦር መናገሻ ከተማዪቱን ያዘ። ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ክርክር ንጉሠ ነገሥቱን በስደትም ሆነ ከስደት በኋላ አልተለያቸውም።

ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በቅዱሳት መካናት ከተሳለሙ በኋላ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በማኅበሩ ሸንጎ ፊት ቆመው፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ቢሞክሩም፣ አቤቱታቸውን በአማርኛ አሰሙ። ሸንጎው አዳመጠ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ በኢጣልያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ትእዛዝ ሰጪ የነበሩት ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ አመልካች ሆኑ። አዲሱ የሥራ መስካቸው ደብዳቤ መጻፍ፣ ጋዜጠኛ ማነጋገር፣ ደጅ መጥናትና የማይመቸውን መልስ በትዕግሥት መቀበል ነበር።

መኖሪያቸው በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባለው ከተማ የሚገኘው ፌርፊልድ የተባለው ቤት ሆነ። ችግሩ ቀላል አልነበረም። ቤተሰቡና ተከታዩ ብዙ፣ ገንዘቡ ጥቂት፣ ክረምቱ ብርቱ ነበር። ይዘውት ከወጡት የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደረሱ። በአንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ላይ የነበራቸውን የኢትዮጵያ መንግሥት ገንዘብ ለማስመለስ በለንደን ፍርድ ቤት ተሟግተው በመጀመሪያው ችሎት ረቱ። ሆኖም የእንግሊዝ መንግሥት በ1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በማወቁ፣ ይግባኙ ተገልብጦ ገንዘቡ ለኢጣልያ ተፈረደ። በዚህ ፍርድ ያጡት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በተጠጉበት አገር ሕግ ፊት ንጉሥነታቸውም ቀረ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውና የረጅም ዘመን ባልደረባቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እዚያው ባዝ ዐረፉ።

ይሁን እንጂ ቤቱ የኀዘን ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የጸሎት ሰዓት አልተቋረጠም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1929 ዓ.ም. የሕይወታቸውን ታሪክ ማጻፍ ጀመሩ፤ ይህ ሥራ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1965 ዓ.ም. ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ በሚል ርእስ ታትሟል። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ደግሞ በለንደን በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ የነርስነት ሙያ ተማረች። የንጉሥ ልጅ የነርስ ልብስ ለብሳ የታመመ ሕፃን ማስታመሟ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር። አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ ብታርፍም፣ በአዲስ አበባ በስሟ ሆስፒታል ተሠርቶላታል። ከዚያ የስደት ቤት ከወጡት ፍሬዎች አንዱ ይህ ነው።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ የተዘጋው በር ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን፣ ስማቸው ተሰውሮ፣ በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን ተጓዙ። በካርቱም ከአቀባበሉ ይልቅ መጠበቁ በዛ፤ ከእንግሊዝ ሹማምንት መካከል መመለሳቸውን የማይወዱ ነበሩና። በመጨረሻ በኦሜድላ ሲገቡ ከልዑላን ልጆቻቸውና ከልዑል ራስ ካሣ ጋራ፣ ኋላ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስም አብረዋቸው ነበሩ። ከጠረፉ እስከ በላያ ተራራ ያለው ምድረ በዳ ለመኪና የማይበገር ሆኖ ስለ ተገኘ ስንቅና መሣሪያ የተጫነው በግመል ነበር፤ ግመሎቹም በሺሕ እየተቆጠሩ በመንገድ አለቁ። ጦሩን ይመራ የነበረው እንግሊዛዊ መኮንን ዊንጌት ለሠራዊቱ የሰጠው ስም በመጽሐፈ መሳፍንት የምናውቀውን የጌዴዎንን ስም ነው። በእርግጥም እንደ ጌዴዎን ሦስት መቶ ሰዎች ቁጥሩ ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ይመለሱበት ዘንድ የተከፈተላቸው በር ጎጃም ነው። ጎጃም ደግሞ በ1924 ዓ.ም. ባላባቱን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ሽረው አስረው፣ በምትካቸው ልዑል ራስ እምሩን የሾሙበት፣ ቅሬታም ያደረበት አገር ነበር። ንጉሡ በሌሉበት አምስት ዓመት ጠላትን በዱር በገደል የተዋጉት የዚያው አገር ልጆች ናቸው። በምዕራብ ጎጃም እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ልጅ ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቁ እነ በላይ ዘለቀና ልጅ ኃይሉ በለው ያለ ደመወዝና ያለ ንጉሥ ትእዛዝ አገር ጠብቀው ቆይተዋል። ስለዚህ ተመላሹ ንጉሥ ወደ ቡሬ ሲቃረቡ በእጃቸው የነበረው የቀድሞ ማዕረጋቸው ብቻ ነበር። ማዕረጉን እንደ ገና ሕያው የሚያደርገው የእነዚህ ሰዎች መቀበል ነው።

በየካቲት ወር መጨረሻ የኢጣልያ ጦር ከቡሬ ምሽጉ ለቆ በማንኩሳና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። በመጋቢት ንጉሠ ነገሥቱ ቡሬ ገብተው ሰነበቱ። በርበሬዋና እህሏ የታወቀው ይህች የዳሞት ከተማ ለጥቂት ሳምንታት የንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ሆነች። ቤተ መንግሥት የለም፤ ድንኳን፣ የአገሬው ካህናትና አርበኞች አሉ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ ሳይቀሩ ገቡላቸው። ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለችው፣ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስያሜ ያገኘችው ከዚህ የመመለስ ጉዞ ጋራ ተያይዞ እንደሆነ የአገሩ ሽማግሌዎች ይተርካሉ። ትርጓሜው ከግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት በገባበት ዕለት በአምስተኛ ዓመቱ፣ አዲስ አበባ ገቡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ተረት በሆነ ነበር። እውነቱ ግን ከዚያ በኋላም ይቀጥላል። ስደቱ ለንጉሡ ትዕግሥትን፣ የዲፕሎማሲን ጥበብና የትምህርትን ዋጋ እንዳስተማራቸው ሥራቸው ይመሰክራል፤ የባዙንም ቤት በኋላ ለከተማዪቱ አረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ሰጥተዋል። ነገር ግን ዙፋኑ ሲጸና በድንኳን ዘመን የተማሩት ትሕትና ሁልጊዜ አብሯቸው አልተገኘም። በስደታቸው ዘመን በዱር የከረመው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ያ በሩን የከፈተላቸው የጎጃም ገበሬ ዐመፀ፤ ጦርም ዘመተበት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወሰድ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር፤ ሌላ ኦሜድላም አልተገኘም። በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ። ዐፅማቸው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐርፏል።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ሹመት እንደ ካባ ነው፤ ይለበሳል፣ ይገፈፋልም። ካባው ሲወድቅ የሚቀረው ሰው ግን በጸሎት፣ በሥራና በትዕግሥት ራሱን ከጠበቀ ባዶ አይደለም። የወደቀ ሰው የሚነሣው ብቻውን አለመሆኑንም እንማራለን፤ ለንጉሡ ቡሬና ዳሞት እንደ ነበሩላቸው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቤቱን ሳይለቅ የጠበቀለት ወገን አለ። ከተነሣ በኋላ ያንን ወገን መርሳት ከመውደቅ የከፋ ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል በጎረቤታችን ሥራውን ያጣ፣ ማዕረጉን የተገፈፈ ሰው ካለ ማዕዳችንን እናካፍለው፤ በቀድሞ ስሙም በአክብሮት እንጥራው። በቃና ቤት ወይኑ ባለቀ ጊዜ ችግሩን አስቀድማ ያየችው እመቤታችን ናት፤ እኛም የባልንጀራችንን ጉድለት ሳይነግረን የምናይ እንድንሆን አምላካችን ይርዳን።

መልካም የጥምቀትና የቃና ዘገሊላ በዓል ይሁንልን፤ አሜን።