ቴዎፍሎስ ዋልድማየር
ቴዎፍሎስ ዋልድማየር (1832–1915 እ.ኤ.አ.) በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ በጋፋት የሠራ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሚሲዮናዊ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ወንጌል ለመስበክ ቢሆንም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከእሱና ከጓደኞቹ አጥብቀው የፈለጉት መድፍና ባለ መንኮራኩር ሠረገላ ነበር። የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቷል።

በጋፋት ከተሠሩት መድፎች ትልቁ ሴባስቶፖል ሲሆን ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከደብረ ታቦር ሲነሣ መድፉ በሠረገላ ተጭኖ በሰው ጉልበት ተጎተተ። መንገዱ ከፊት ከፊት እየተጠረገ ጉዞው እስከ መቅደላ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ።

ዓፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ከሞቱ በኋላ ዋልድማየር ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቆ ወጣ። ኋላም በሊባኖስ የብሩማናን ትምህርት ቤትና የአስፉሪዬን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ይገኛል።