ኦይገን ሁበር፤ ሕግን ለባለጉዳዩ የጻፉ ሊቅ

ኦይገን ሁበር በ1849 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር፣ በዙሪክ ካንቶን፣ ሽታምሃይም በተባለች መንደር ከሐኪም ቤተሰብ ተወለዱ። ሕግ ካጠኑ በኋላ የኖየ ዙርኸር ጻይቱንግ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኑ፤ ቀጥሎም በትሮገን ከተማ በመርማሪ ዳኝነት አገለገሉ። ጋዜጠኛ ነገሩን ያወሳሰበ እንደ ሆነ አንባቢው ጥሎት ይሄዳል፤ መርማሪ ዳኛም ገበሬው ባልገባው ቃል ቢጠይቀው ትክክለኛ መልስ አያገኝም። የሁበርን የኋላ ሥራ ለመረዳት በባዝል፣ በሃለና በበርን ካስተማሩባቸው ዘመናት ይልቅ እነዚህን ጥቂት ዓመታት መመልከት ይበጃል እንላለን።

በዚያን ጊዜ ውርስና የመሬት ባለሀብትነት በየካንቶኑ የተለያየ ሕግ ነበራቸው። መንግሥት አንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲያረቁ በ1892 ሲጠይቃቸው፣ ሁበር በራሳቸው ላይ ጥብቅ ደንብ አወጡ፤ አንድ አንቀጽ ከሦስት ንኡስ አንቀጽ እንዳይበልጥ፣ ንኡስ አንቀጹም በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲያልቅ። በ1900 የጸናው የጀርመን ሕግ በጥራቱ የተደነቀ ቢሆንም፣ አንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው እየመራ ያልተማረውን አንባቢ ያደክም ነበር። ሁበር ይህን ሸሹ።

ታዲያ ትችት አልቀረላቸውም። አጭር አንቀጽ ብዙ ነገር ሳይወስን ያልፋል፣ ለዳኛውም ከመጠን ያለፈ ሥልጣን ይሰጣል ተባለ። ተቺዎቹ ፈጽመው የተሳሳቱ አልነበሩም፤ ግልጽነት ዋጋ አለው። ሁበር ግን ክፍተቱን አልሸሸጉም። በመጀመሪያው አንቀጽ፣ ሕግና ልማድ ዝም ባሉበት ዳኛው ራሱ ሕግ አውጪ ቢሆን ኖሮ በሚያወጣው ደንብ እንዲፈርድ በግልጽ ደነገጉ። ለደንበኛው የሕግ አስተያየት የሚጽፍ ጠበቃም ይኸው ፈተና ይገጥመዋል፤ ጽሑፉን ሲያሳጥር ጥርጣሬውን አብሮ ቢቈርጥ፣ ደንበኛው የሚያነበው ቀላል ነገር ግን አሳሳች ወረቀት ይሆናል።

ሕጉ ታኅሣሥ 10 ቀን 1907 በምክር ቤቶቹ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ታትሞም በ1912 ጸና። ባለቤታቸው ሊና ይህን ሳያዩ በ1910 ሞቱ፤ ሁበርም በሕይወት እንዳሉ አድርገው ለዓመታት ደብዳቤ ይጽፉላቸው ነበር።

ሁበር በ1923 በበርን ዐረፉ። ሕጋቸውን በ1926 ቱርክ ለራሷ ወሰደችው። የአገራችንን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድም ከተመለከቷቸው ሕጎች አንዱ ይኸው ነበር።