አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከሰቆጣ እስከ አሰም

ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን የሰቆጣ ቤት ልጅ ነበሩ። የዋግ ገዥዎች ትውልዳቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥሩ፣ በንጉሠ ነገሥቱም ፊት በወንበር የመቀመጥ ማዕረግ የተጠበቀላቸው ሹማምንት ስለ ነበሩ፣ ዘውድ ለጎበዜ ባዕድ ነገር አልነበረም። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ከተሰቀሉ በኋላ ሸፈቱ፤ የቴዎድሮስ ሥልጣን እየጠበበ በሄደ መጠንም የእርሳቸው ግዛት ከዋግና ከላስታ አልፎ ሰፋ።

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በዙላ ወርዶ ወደ መቅደላ ሲዘምት በሁለት ገዥዎች አገር ማለፍ ነበረበት፤ በትግራዩ ካሣ ምርጫና በዋግሹም ጎበዜ። ሁለቱም መንገዱን ለቀቁለት። ካሣ ግን ናፒየርን በአካል አግኝተው ተነጋገሩ፣ ስንቅም እንዲቀርብ አደረጉ፤ ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ 12 መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃዎች ተሰጣቸው። የጎበዜ ዓይን ያረፈው በአባታቸው ገዳይ መውደቅና ባዶ በቀረው ዙፋን ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን አወጁ።

አሜሪካዊው ኬኔት ዋልትዝ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የመንግሥታትን ጠባይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የኃይል አሰላለፍ ነው ሲል አስተማረ። በ1998 እ.ኤ.አ. ጊዴዎን ሮዝ ኒዮክላሲካል ሪያሊዝም ብሎ የሰየመው ወገን ይህን ሳይክድ ይጨምርበታል፤ የውጭው ግፊት በገዥው አስተያየትና መንግሥቱ ሀብትን ወደ ኃይል ለመለወጥ ባለው አቅም በኩል ያልፋል ባይ ነው። ፋሪድ ዘካሪያም የሀገርን ሀብት ከመንግሥት ኃይል ለይቶ ይመለከታል። ትምህርቱ ለዘመናዊ መንግሥታት የታሰበ በመሆኑ ለመሳፍንት አገር ሲውል ጥንቃቄ ይሻል። የሆነ ሆኖ የተክለ ጊዮርጊስን ታሪክ የመሣሪያ ብልጫ ብቻ ከሚለው አፈታት ይልቅ በተሻለ ያስረዳል፤ መሣሪያው ራሱ የምርጫ ፍሬ ነበርና።

አዲሱ ንጉሥ ጎንደርን ይዘው የአብያተ ክርስቲያናቱን እድሳት ጀመሩ፤ የካሣን እኅት ድንቅነሽ ምርጫን አግብተው ስለ ነበር ዝምድናው ትግራይን ያስገብርልኛል ብለው ተስፋ ሳያደርጉ አልቀሩም። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ሞተው ስለ ነበር ግን የሚቀባቸው አልነበረም። ካሣ በበኩላቸው አቡነ አትናቴዎስን ከግብፅ አስመጡ፤ ከናፒየር ዘመቻ ጋር የመጣውን እንግሊዛዊ ጆን ኪርካምንም ወታደሮቻቸውን እንዲያሠለጥን አደረጉ። የባሕሩ በር ቅርበት ለካሣ ማገዙ አይካድም፤ ሆኖም በቅርብ ያለውን ዕድል ለይቶ ማየትም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።

በ1863 ዓ.ም. ክረምት ተክለ ጊዮርጊስ 60,000 ይሆናል የሚባል ሠራዊት አስከትለው ወደ ዐድዋ ዘመቱ። የካሣ ጦር 12,000 ያህል እንደ ነበር ይነገራል። የንጉሡ ሠራዊት ከየአገሩ ሹም ጋር የመጣ፣ አብዛኛው ጦርና ጋሻ የያዘ ነበርና ብዛቱ በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ኃይል አልሆነም። በሐምሌ ወር በአሰም ወንዝ አጠገብ ድል ሆኑ፤ እርሳቸውም ተማረኩ።

ካሣ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም፣ በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው፣ አፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። አማቻቸው ተክለ ጊዮርጊስ ሰቆጣን ዳግመኛ ሳያዩ በትግራይ በእስር ሞቱ።