በትልቁ ኮምፒዩተር ለትንሹ የጻፉት ሊቅ

አንድን ሥራ በሩቅ አገር አዘጋጅቶ ለሌላ አገር ሰው ማድረስ ለሁሩሙ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። የዚያው አገር ተወላጅ ኦኔሲሞስ ነሲብ፥ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው ወደ ኦሮምኛ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በስዊስ አገር ነው። ዛሬ ታሪካቸውን የምናወሳላችሁ ዶክተር ጋሪ ኪልዳልም በኮምፒዩተር ዓለም የሠሩት ይህንኑ የሚመስል ሥራ ነው።

ዶክተር ኪልዳል በ1942 በአሜሪካ፥ በሲያትል ከተማ ተወለዱ። በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1972 የዶክትርና ማዕርግ ተቀበሉ፤ በካሊፎርኒያም የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ።

በዚያ ዘመን ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ጥፍር የምታህል ፕሮሰሰር አውጥቶ ነበር። ይህች ትንሽ ዕቃ የራሷን ፕሮግራም ለማዘጋጀት የሚበቃ መሣሪያ አልነበራትም። ታዲያ ማን ይጻፍላት? ዶክተር ኪልዳል ፒዲፒ-10 በተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ የትንሿን ጠባይ የሚከተል አስመሳይ ፕሮግራም ሠሩ። ቀጥሎም ፒኤል/ኤም የተባለ ቋንቋ ከነኮምፓይለሩ አወጡ። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ትእዛዝ መሣሪያው ወደሚያውቀው ቁጥር የሚመልስ አስተርጓሚ ነው፤ የእርሳቸው ግን በትልቁ ላይ ተቀምጦ ለትንሿ ይተረጉም ነበር። ሲፒ/ኤም የተባለውን የዲስክ ሥርዓት የጻፉት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ የመቱ ተማሪ በኪሱ የያዘው ስልክ ከርነልም የሚዘጋጀው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በአስመሳዩ ላይ መሥራትና በእውነተኛው ዕቃ ላይ መሥራት ለየቅል ነው። ዲስኩን የሚያዘውን መሣሪያ ራሳቸው ሊሠሩ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ወዳጃቸው ጆን ቶሮዲ ሠራላቸው። በ1974 ፕሮግራሙን ከወረቀት ጥብጣብ ወደ ዲስኩ አሻግረው ሲያስነሡት፥ መሣሪያው ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን የሚገልጥ ምልክት አሳየ። ኋላም ከዕቃው ጋር የሚገናኘውን ክፍል ለብቻው ለዩት፤ ስለዚህ አዲስ ዓይነት ኮምፒዩተር በመጣ ቁጥር የሚለወጠው ያ ትንሽ ክፍል ብቻ ሆነ። በእኛ አስተያየት ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዶሮቲ ጋር ያቋቋሙት ዲጂታል ሪሰርች ብዙ ገንዘብ አገኘ። በ1980 የአይ.ቢ.ኤም. ሰዎች ለአዲሱ የግል ኮምፒዩተራቸው ሥርዓት ፍለጋ መጡ፤ ስምምነቱ ሳይሰምር ቀረ። ዶክተሩ ያን ዕለት በአውሮፕላን ሲዝናኑ ዕድሉ አመለጣቸው የሚለው ወሬ ግን ትክክል አይደለም፤ የበረሩት ለሥራ ነበር። ማይክሮሶፍት የሲፒ/ኤምን አሠራር የተከተለ ሥርዓት ከሌላ ኩባንያ ገዝቶ አቀረበ። አይ.ቢ.ኤም. ኋላ ሁለቱንም ሲሸጥ የማይክሮሶፍቱ 40 ዶላር፥ የዶክተር ኪልዳል 240 ዶላር ስለ ነበር ገዢው ወደ ርካሹ አደላ።

ኩባንያቸው በ1991 ለኖቬል ተሸጠ። እርሳቸውም በ1994 በሞንቴሬይ በ52 ዓመታቸው ዐርፈው በትውልድ ከተማቸው በሲያትል ተቀበሩ።