ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እና የዕለት መዝገባቸው

 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1850ዎቹ ዓመታት በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ከወላጆቻቸው ተለይተው የተገኙት ሕፃን፣ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ህንድ ተወስደው ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር ሕክምና ተምረው፣ ዕውቀታቸውን በስኮትላንድ አዳብረው፣ በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጠፍቶባቸው ነበር፤ ዘመዶቻቸው ግን በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው።

እኒህ ሰው የኖሩትን ዕለት ሳይመዘግቡ ማሳለፍን አልፈቀዱም። ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። ሐኪም የበሽተኛውን ሁኔታ በየዕለቱ የሚጽፈው እንዳይረሳው ብቻ አይደለም፤ ምን እንደ ተደረገና ምን እንደ ቀረ ሌላ ሰው ገልጦ እንዲመረምረው ጭምር ነው። ወርቅነህ ይህን የሙያ ሥርዓት በገዛ ጊዜያቸው ላይ አዋሉት።

ጊዜያቸውም የብዙዎች አደራ ነበረበት። ዐፄ ምኒልክን አክመዋል፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል፤ በዳኝነትም አገልግለዋል። ኋላም የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ አውራጃውም የአዲስ አስተዳደር አርአያ እንዲሆን ታሰበ። ከአዲስ ከተማ አውቶቡስ ተራ ተሳፍሮ ወደ ሐረር ሲመላለስ የኖረ መንገደኛ በጉዞው የሚያልፋት አሰበ ተፈሪ፣ የዚያ ሥራ መናገሻ ነበረች።

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በአርበኝነት ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር የተሰለፉት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በጠላት ተገደሉ። አባት ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከሞቱ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ የታሪክ ሊቁ ፒተር ጋሬትሰን ማስታወሻዎቹን መርምረው የሐኪሙን የሕይወት ታሪክ አሳተሙ። ባለሙያ ለሥራው ተጠያቂ የሚሆነው በሕይወት ሳለ በሚቆጣጠሩት አለቆች ፊት ብቻ እንዳልሆነ ይህ በቂ ምስክር ነው። ወርቅነህ መከራከር በማይችሉበት ጊዜ፣ ዕለቶቻቸው ስለ እርሳቸው መልስ ሰጡ።