ሽንፈት የበዛባቸው አሠልጣኝ፦ የዶክተር ጄምስ ናይስሚዝ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ መምህር የሕይወት ታሪክ ነው። መምህር ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሰውየው በዓለም የሚታወቁት የቅርጫት ኳስ ፈጣሪ ተብለው ነው፤ ዕድሜአቸውን የፈጁት ግን በማስተማር ነው። ስማቸው ዶክተር ጄምስ ናይስሚዝ ይባላል። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

እንደሚታወቀው በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እንዲያው የተማሪ ጨዋታ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በታላላቆቹ ዩኒቨርስቲዎች አዳራሹ በሺህ በሚቈጠር ሕዝብ ይሞላል፤ ደጋፊው በየዓመቱ ዋንጫ ይጠብቃል፤ ሁለት ዓመት ተከታትሎ የተሸነፈ አሠልጣኝ ዕቃውን ቢሸክፍ ይሻለዋል። ከነዚህ ዩኒቨርስቲዎች አንዱ የካንሳስ ዩኒቨርስቲ ነው። ይህ ቡድን ከተመሠረተበት ከ1898 አንሥቶ በ2003 እስከተቀጠረው እስከ ቢል ሰልፍ ድረስ ያሉት አሠልጣኞች ስምንት ብቻ ናቸው። ከስምንቱ መካከል ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው የሚበልጥበት አንድ ብቻ ነው። ማን ይመስላችኋል? ጨዋታውን የፈጠሩት እሳቸው ናይስሚዝ ናቸው! 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ ተሸንፈዋል። አሜሪካኖቹ ነገሩን እንደ ቀልድ ያወሩታል። ለኔ ግን ቀልዱ ብዙም አልጣመኝም። የሰውየውን ታሪክ ያነበበ ሰው እነዚያ 60 ሽንፈቶች የምን ውጤት እንደሆኑ ያስባል።

ናይስሚዝ የተወለዱት በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ በአልሞንት አካባቢ በኅዳር 6 ቀን 1861 ነው። ወላጆቻቸው ከስኮትላንድ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ልጁ ገና ትንሽ ሳሉ እናትም አባትም በ1870 በተስቦ በሽታ ሞቱና በዘመድ እጅ አደጉ። ትምህርት አቋርጠው ጫካ ገብተው ግንድ ሲቈርጡ ከቆዩ በኋላ እንደገና ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመለሱ። እድሜ ሄደብኝ፣ ከትናንሾቹ ጋር አልቀመጥም ብለው አልቀሩም። ከዚያ ወደ ሞንትሪያል ሄደው ከማክጊል ዩኒቨርስቲ በ1887 ተመረቁ፤ ቀጥሎም የሃይማኖት ትምህርት ተማሩ። ቄስ ይሆናሉ ሲባል እሳቸው ግን ወጣቱን በስፖርት በኩል ማነጽ ይቻላል ብለው በ1890 ወደ አሜሪካ፣ ወደ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተሻገሩ። እዚያ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ በአማርኛ ወ.ወ.ክ.ማ. የምንለው፣ የራሱ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነበረው። እንግዲህ ልክ እንደኛ ማሠልጠኛ ገቡ ማለት ነው። መጀመሪያ ሠልጣኝ ሆኑ፤ ቀጥሎ አስተማሪ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የማስተማር ልምምድ ወጥቶ የሚያውቅ ሁሉ የሚገባው ነው። በ1891 ክረምቱ ሲገባ ውጭ በረዶ ስለሆነ ተማሪው በአዳራሽ ውስጥ ሰልፍና ጂምናስቲክ ብቻ ይሠራ ነበር። አንድ 18 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ነበረ። ልጆች እንዳይመስሏችሁ፣ ለቢሮ ሥራ የሚሠለጥኑ ጐልማሶች ናቸው። እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች ሲባሉ ሰለቻቸው፤ አመጹ። ሁለት አስተማሪዎች በየተራ ሞክረው አልቻልንም ብለው ተዉት። የክፍሉ ኀላፊ ዶክተር ሉተር ጉሊክ ናይስሚዝን ጠርተው ክፍሉን ሰጧቸው፤ በ14 ቀን ውስጥም አዲስ የቤት ውስጥ ጨዋታ ፍጠር አሏቸው። አስቡት! የትምህርት ዕቅድ ማውጣት ብቻውን የሚያስጨንቀን እኛ፣ ጨዋታ ፍጠሩ ብንባል ምን እንሆን ነበር?

ናይስሚዝ መጀመሪያ የውጭውን ጨዋታ ወደ ቤት ውስጥ ለማስገባት ሞከሩ። እግር ኳስም ሆነ የአሜሪካ እግር ኳስ ሲሞከር አልሆነም። ቀኑ እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ ቁጭ ብለው ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። ሰው ሰውን የሚጥለው ለምንድን ነው? ኳስ ይዞ ስለሚሮጥ ነው። እንግዲያው ኳስ ይዞ መሮጥ ይከልከል። ኳስ በኀይል የሚወረወረው ለምንድን ነው? ግቡ ፊት ለፊት ስለሆነ ነው። እንግዲያው ግቡ ከራስ በላይ ይሰቀል፣ ኳሱም በእርጋታ ወደ ላይ ይወርወር። ይህን ሐሳብ ያገኙት ከልጅነታቸው ነው። በአልሞንት ሳሉ በትልቅ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ድንጋይ አነጣጥሮ የመጣል ጨዋታ ይጫወቱ ነበርና፣ በዚያ ጨዋታ ከጕልበተኛው ይልቅ በቀስታ አጕኖ የሚጥለው ያሸንፍ እንደነበር ትዝ አላቸው።

የትምህርት ቤቱን ሕንጻ ጠባቂ ሁለት ሣጥን አምጣልኝ ቢሉት ሣጥን አጣ፤ የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ሁለት ይዞ መጣ። ቅርጫቶቹ ከሰገነቱ ጠርዝ ላይ በሚስማር ተመቱ፤ ከፍታው ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ያህል ሆነ፤ እስከ ዛሬም ልኩ ያው ነው። 13ቱ ደንቦች በታይፕ ተመትተው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፉ። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ዓለምን ሲያዳርስ አያችሁ? በታኅሣሥ 21 ቀን 1891 ተማሪዎቹ 9 ለ9 ሆነው ተጫወቱ። ውጤቱ 1 ለ 0 ነበር። ከዚያ በኋላ ያ አመፀኛ ክፍል ጨዋታ ይብቃችሁ ቢባልም እምቢ አለ። ያ ወረቀት በ2010 በጨረታ 4.3 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። ናይስሚዝ ግን ከጨዋታው ሀብት አላፈሩበትም።

ከዚህ በኋላ ወደ ዴንቨር ሄደው እያስተማሩ ሕክምና ተማሩና በ1898 ዶክተር ሆኑ። በዚያው ዓመት የካንሳስ ዩኒቨርስቲ ቀጠራቸው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የተቀጠሩት የቡድን አሠልጣኝ ሆነው አልነበረም። የተቀጠሩት ሰውነት ማጐልመሻ እንዲያስተምሩና የተማሪዎቹን የጸሎት ሥነ ሥርዓት እንዲመሩ ነው። ቅርጫት ኳሱ በጐን የመጣ ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ በየካቲት 3 ቀን 1899 ተደረገ፤ ከካንሳስ ሲቲ ወ.ወ.ክ.ማ. ጋር ተጫውተው 16 ለ 5 ተሸነፉ። ዩኒቨርስቲው ደኅና የስፖርት አዳራሽ የከፈተው በ1907 ነው፤ ማለትም እሳቸው አሠልጣኝነቱን በተዉበት ዓመት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ግጥሚያውን የሚዳኙት ራሳቸው ናይስሚዝ ነበሩ። የራሱን ቡድን የሚዳኝ አሠልጣኝ ዛሬ ቢገኝ ምን ይባል ይሆን! እሳቸው ግን ጨዋታው በደንቡ መሠረት መካሄዱን እንጂ ማን ማሸነፉን ያን ያህል አይከታተሉም ነበር። ለሰውነት ጥንካሬማ ትግልና ጂምናስቲክ ይበልጣሉ ባይ ነበሩ።

እንግዲህ 60ው ሽንፈት የመጣው ከዚህ ነው። ተማሪዎቹን ለማሸነፍ አላዘጋጇቸውም፤ ሊያዘጋጇቸውም አላሰቡም። ደግሞም በዘመኑ ለምን ተሸነፍክ ብሎ የሚጠይቅ ደጋፊ አልነበረም።

ጠያቂውን ያመጣው የገዛ ተማሪያቸው ነው። ፎረስት አለን ይባላል፤ ድምፁ እንደ መርከብ ጥሩምባ ስለሚያስተጋባ ፎግ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ፎግ አለን ተብሎ ቀረ። ናይስሚዝን አሠልጣኝ አድርጎ በካንሳስ ተጫውቷል። ቤከር የሚባል ኮሌጅ ቡድናችንን አሠልጥንልን ብሎ ሲጠራው ናይስሚዝ ሳቁበት፤ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ እንጂ የሚያሠለጥኑት ነገር አይደለም ብለው ነገሩት። ልጁ አልሰማም፤ ሄደ። በ1907 ደግሞ የካንሳስን ቡድን ከመምህሩ እጅ ተረከበ። አንዳንድ ሰው ይህን ሹም ሽር አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን በመምህርና በተማሪ መካከል የነበረ ክርክር ይመስለኛል። አንዱ ጨዋታ ማለት ትምህርት ነው ይላል፤ ሌላው ጨዋታ ሙያ ነው፣ ይጠና፣ ይታቀድ፣ ይሸነፍበት ይላል። በሜዳ ላይ ያሸነፈው ተማሪው ነው። ሁለት ዓመት አሠልጥኖ ለሕክምና ትምህርት ከሄደ በኋላ በ1919 ተመለሰና እስከ 1956 ቆየ፤ በካንሳስ ብቻ 590 ግጥሚያ አሸነፈ፤ በ1952 የአገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ ወሰደ። በ1955 የተከፈተው ታላቅ አዳራሽ በስሙ ተሰየመ።

ታዲያ ድል የለመደ ሕዝብ ድል ብቻ ይጠብቃል። ፎግ አለን ራሱ የቀመሰው ይህንን ባይሆንም መሰናበቱ መራራ ነበር፤ 70 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ጡረታ ይውጣ የሚል ደንብ ስለነበረ፣ አንድ ዓመት ጨምሩልኝ ብሎ ቢለምንም አልተፈቀደለትም። ይባስ ብሎ ዊልት ቻምበርሊን የሚባለውን፣ ከሁለት ሜትር ከአሥር በላይ የሚረዝመውን ወጣት ራሱ አስመጥቶት ሳያሠለጥነው ቀረ። ቡድኑን የተረከበው ረዳቱ ዲክ ሃርፕ ነው። ደጋፊው እንዲህ ያለ ልጅ ይዘን ዋንጫ ማን ይከለክለናል አለ። በ1957 ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት ተጫውቶ በአንድ ነጥብ፣ 54 ለ 53፣ በኖርዝ ካሮላይና ተሸነፈ። አንዲት ነጥብ! ቻምበርሊን በ1958 ያለ ዋንጫ ሄደ፤ ሃርፕም ካሸነፈው ይልቅ ያላሸነፈው እየተነሣበት ቆይቶ በ1964 ሥራውን ለቀቀ። ተተኪው ቴድ ኦውንስ 19 ዓመት ካሠለጠነ በኋላ በ1983 ተሰናበተ። ሮይ ዊሊያምስ ደግሞ 15 ዓመት ሠርቶ 418 ግጥሚያ አሸንፎ፣ በ2003 የፍጻሜ ጨዋታ ተሸንፎ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሲሄድ ብዙ ደጋፊ እንደ ከሐዲ ቈጠረው።

ከፎግ አለን ተማሪዎች አንዱ የነበረው ዲን ስሚዝም ኖርዝ ካሮላይናን ማሠልጠን በጀመረ በአራተኛው ዓመት፣ በ1965፣ ቡድኑ ተሸንፎ ሲመለስ የራሱ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች በሱ አምሳል አሻንጕሊት ሠርተው ሰቅለው ጠበቁት። አለቆቹ አላባረሩትም፤ ታገሡት። በ1997 ጡረታ ሲወጣ 879 ግጥሚያ አሸንፎ ነበር፤ አዳራሹም በስሙ ተሰይሟል። አሻንጕሊቱን የሰቀሉት ተማሪዎች ያን ቀን ተሰምተው ቢሆን ኖሮ ከነዚያ ድሎች ብዙዎቹ አይኖሩም ነበር።

ወደ ናይስሚዝ ልመልሳችሁ። አሠልጣኝነቱን ከተዉ በኋላ ዩኒቨርስቲውን አልለቀቁም፤ 30 ዓመት ሙሉ እዚያው አስተምረዋል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ አገር ከወታደሮች ጋር ቆይተው ተመለሱ። በ1930ዎቹ ደግሞ ጆን ማክሌንደን የሚባል ጥቁር ተማሪ ወደ ካንሳስ መጣ። በዚያ ጊዜ ጥቁር ተማሪ በዩኒቨርስቲው ቡድን መሰለፍ አይፈቀድለትም ነበር። ቡድኑ በሩን ሲዘጋበት ናይስሚዝ ተቀበሉት፤ አማካሪው ሆነው የአሠልጣኝነትን ሙያ እንዲማር ረዱት። አያችሁ፣ ቅርጫት ኳስ አይሠለጠንም ያሉት ሰው በስተርጅና አሠልጣኝ አስተማሩ። ማክሌንደን ኋላ የቴነሲ ኤ ኤንድ አይን ቡድን ይዞ ከ1957 እስከ 1959 ሦስት ዓመት በተከታታይ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ድል ከ55ቱ ጋር አልተቈጠረላቸውም፤ እኔ ብሆን እቈጥርላቸው ነበር።

ቅርጫት ኳስ በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ሲገባ ሽማግሌው የመሳፈሪያ ገንዘብ አልነበራቸውም። አሠልጣኞቹ፣ በተለይም ያ ያልሰማቸው ተማሪ ፎግ አለን፣ ገንዘብ አሰባስበው ላኳቸው። የፍጻሜው ግጥሚያ በሜዳ ላይ፣ በዝናብ፣ በጭቃ ተደረገ፤ አሜሪካ የተወለዱባትን ካናዳን 19 ለ 8 አሸነፈች፤ ሜዳሊያውን ያደሉት ናይስሚዝ ናቸው። በማግሥቱ ዓመት ከማስተማር ጡረታ ወጡ፤ የትዳር ጓደኛቸው ወይዘሮ ሞድም በዚያው ዓመት ሞቱባቸው።

በ1939 መጋቢት ላይ አሠልጣኞቹ በማኅበራቸው በኩል የአገሪቱን ኮሌጆች የሚያወዳድር የመጀመሪያውን ውድድር አዘጋጁ፤ ኦሪገን ኦሃዮ ስቴትን 46 ለ 33 አሸነፈ። ዛሬ የስንት አሠልጣኝ እንጀራ የሚጋገርበትና የሚቋረጥበት ውድድር ይኸው ነው፤ ያኔ ግን የሚበቃ ተመልካች ስላልመጣ ማኅበሩ ከሰረ። ዶክተር ጄምስ ናይስሚዝ በዚያው ዓመት በኅዳር 28 ቀን፣ በ78 ዓመታቸው፣ በሚያስተምሩበት በነበረው በሎውረንስ ከተማ ዐረፉ።