ከፋብሪካ ቆሻሻ እሳት ያወጣው ሰው

ላይተር ስትለኩሱ ብልጭ የምትለዋ እሳት የመጣችው ከአንድ ኦስትሪያዊ የፋብሪካ ቆሻሻ ነው። ሰውየው ካርል አወር ፎን ቬልስባክ ይባላል። ኬሚስት ነው፤ ኢኮኖሚክስ ለተማርኩት ለእኔ ግን ከብዙ ነጋዴዎች የሚበልጥ ነጋዴ ነው።

በ1858 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቪየና ተወለደ። አባቱ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ማተሚያ ቤት ይመራ ነበር። ጀርመን ሃይድልበርግ ሄዶ ከሮበርት ቡንሰን ሥር ሲማር “ብርቅዬ ምድር” ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋወቀ። ብርቅዬ መባላቸው ስም ብቻ ነው፤ መሬት ውስጥ ሞልተዋል። ጣጣቸው በጣም ስለሚመሳሰሉ አንዱን ከሌላው መለየት ማስቸገሩ ነው።

ያኔ ዲዲሚየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ ተብሎ ይታመን ነበር። ስሙ መንትያ ማለት ነው። አወር ጨውን ማሟሟት፣ ክሪስታል እስኪሠራ መጠበቅ፣ እንደገና ማሟሟት ያዘ። አሰልቺ ሥራ ነው። በ1885 መንትያው በእውነትም ሁለት ሆኖ ተገኘ፦ ኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየም። (ከመስታወት ጋር የተቀላቀለ ኒዮዲሚየም በ1961 የሌዘር ብርሃን ሰጠ። ዛሬ ደግሞ የእነሱ ዘመድ የሆነው ኤርቢየም በባሕር ሥር ኬብሎች መስታወት ውስጥ ተጨምሮ የደከመውን የኢንተርኔት ብርሃን መልሶ ያጠነክራል። ይቺን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ ድምፅ ማጉያ ውስጥም የኒዮዲሚየም ማግኔት አለ።)

ሀብት ያመጣለት ግን ሌላ ነገር ነው። የጥጥ መረብ በእነዚህ ጨዎች ነክሮ ጋዝ እሳት ላይ አደረገው። ጥጡ ተቃጥሎ ሲያልቅ የቀረው ኦክሳይድ ግሎ ያበራል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ገበያው ግን እምቢ አለ። መረቡ ቶሎ ይሰበራል፣ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ፋብሪካው በ1889 ተዘጋ።

ሌላው ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። እሱ ቅመማውን ቀየረ። በ1891 ያገኘው 99 በመቶ የቶሪየም ኦክሳይድና 1 በመቶ የሴሪየም ኦክሳይድ ነው። እኔን የሚገርመኝ ያቺ 1 በመቶ ናት። ሴሪየሙን ብታስቀሩት ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ብታበዙትም ይደበዝዛል። በዚህች ልክ ብቻ ደማቅ ነጭ ይሆናል። መረቡ የአውሮፓን መንገዶች አበራ፣ አወርም ባለጸጋ ሆነ።

ቶሪየም የሚወጣው ሞናዛይት ከሚባል አሸዋ ነው። ከወጣ በኋላ ግን ፈላጊ የሌለው የሴሪየም ክምር ይቀራል። አወር እሱን ከብረት ጋር አቅልጦ ሲጫር ብልጭታ የሚረጭ ነገር ሠራና በ1903 የባለቤትነት መብት አወጣበት። የላይተር ድንጋይ ማለት ይኸው ነው። የሚጣለውን ሸጠው ማለት ነው!

የራሱን ገበያ የሚሻማ ነገርም ሠርቷል። ጋዙ እያተረፈለት ከኦስሚየም የኤሌክትሪክ አምፖል ክር አወጣ። ኦስራም የሚለው የአምፖል ስም እንኳ ከኦስሚየምና ከቮልፍራም ተቆርጦ የተሰፋ ነው።

የተሸነፈበትም አለ። ኢተርቢየምን ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ካሲዮፔየም አለው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ኡርበን እኔ ቀድሜያለሁ ብሎ ተነሣ፣ ክርክሩ መረረ፣ በ1909 ኮሚቴው ለፈረንሳዊው ፈረደ። ስሙም ሉቴሺየም ሆነ። አወር በ1929 እስኪሞት ብርቅዬ ምድሮቹን አልተዋቸውም፤ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹም ካሲዮፔየም ማለታቸውን ከሞተ በኋላ ለዓመታት ቀጠሉ።